ሦስተኛው ነጥብ

ምልክት ሲታደል አቀስታ ከተማ
አንዱ ፀሐይ መረጠ፣ አንዱ የድል ዓርማ።
ሰዓዳ አረጋ ስሟ ሲሰማ
«ወንፊት» አለች። ጸሐፊው ድጋሚ ሊሰማ
ጆሮውን አስጠጋ።
«ወንፊት ነው» አለችው ድምጿን ሳታናጋ።

እኔ፣ የቀበሌው መምህር፣ ጽሕፈቴ የጠራ፣
ሌሊቱን ተቀመጥኩ ከባትሪዬ ጋራ፤
ለክልል ምክር ቤት፣ ያገሩን ጉድለት ሁሉ
በሰባት ነጥብ ከተትን፤ ቅደም ተከተሉ
የሰርግ ቤት ወንበር ይመስል ሲያጣላን በሙሉ።
መቶ ሃያ ቅጂ፣ በእጅ፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ለግል ተወዳዳሪ ማተሚያ ቤት የለም።

አንደኛ፦ መንገዱ ወንዙን አልፎ እንዲዘልቅ፤
ሁለተኛ፦ አዋላጅ ከጣቢያው እንዳትርቅ፤
ሦስተኛ —
ሦስተኛው ይቆይ፤
ይልቅስ የቅዳሜን ገበያ እንይ።

ሰማይ ደርቆ ነበር እንደ ከበሮ ቆዳ፣
የበልግ ዘር በጎታ፣ እንደቆየ እንግዳ
አንገቱን ደፍቶ።
ሰዉ ባናውን ደርቦ
ከመጋዘኑ ደጅ ቁጭ አለ ተሰብስቦ።
ወረቀቱ ሲዞር አንዱ በርበሬ ቋጠረ፣
አንዱ ገልብጦ ያዘው፤ አንዱ መስመር ቆጠረ፣
ሙህየ ዳምጤ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ፦

«ልጄ፣ ሰባቱንም ደጋግሜ አየሁ፤
በልግ ስንተኛ ነው? እኔ አላገኘሁ።
የማዳበሪያ መኪና በሰኔ ይመጣል፣
በሰኔ የኔ ገብስ ለማጭድ ይሰጣል።
የቢሮው ካሌንደር መኸር ብቻ ነው ወይ?
ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በልግን የማያይ?»

ዝም ተባለ። እሷ እኔን፣ እኔ ጫማዬን አየሁ።
አሥር ዓመት ልማት ጣቢያ ሠርታለች፣ አውቃለሁ፣
ጭቃውን ከነስሙ፣ ገብሱን ከነዘሩ፤
ሰባቱን ግን ከዞኑ እቅድ ቀድተን ነበር ለካ፤
እዚያም በልግ የለም፣ በምንም ቢለካ።

ከእህል መዛኙ ጆሮ ላይ
እርሳሱን ነቀለች ሁሉም ሰው ሲያይ፤
ሰባተኛውን ሰረዘች። ስድስተኛውን። (ያ የኔ ነበር፣
ቤተ መጻሕፍቱ። ዝም አልኩ፤ ምን ልናገር።)
ከሁሉም በላይ፣ በጠባቡ ኅዳግ፣ ጻፈች አጎንብሳ፣
ከዚያ አነበበችው ቀና ብላ ተነሥታ፦

«አንደኛ፣ በልግ እቅድ ውስጥ ይገባል፤
ማዳበሪያው በታኅሣሥ እዚህ ይራገፋል።
ምክር ቤት ብትልኩኝ ይህን ሳልል አልወጣ፤
ዝናብ ግን የሱ ነው፣ በድምፅ ብልጫ አይመጣ።
ሁለተኛ፣ አዋላጅ። እሷን አልነካትም።»

«ወንፊት ውሃ ይይዛል?» አለ አንድ ቀልደኛ።
«ልይዘው መች ሄድኩ? የሚይዝስ አላጣን እኛ፤
ላሳልፈው ነው» አለች።
«ሦስተኛ —»

ደብተሬ ላይ ጠብ አለ። ቀና ስል፣ ደመና
ከየወል ተራራ ሳይጠራ መጣና
አፈሩ ሸተተ።
ማንም «ይብቃን» አላለ፣ ማንም አልተሰናበተ።
ሙህየ መነጽሩን ባናው ውስጥ ሸጎጠ፣
በሰባ ዓመት ጉልበት ቁልቁል ፈረጠጠ፤
በጉ ሳይሸጥ ቀረ፣ ሚዛኑ ተገልብጦ፣
ገበያው በአንድ አፍታ ወደ ማሳው ሮጦ
አለቀ።

ሰዓዳ ብቻዋን ከባዶው ገበያ
ቆመች፣ ሻሿ ርሶ፣ በእጇ ድምፅ ማጉያ።
ከዚያ ሳቀች። ማጉያው አልጠፋም ነበረ፣
ሳቋ በየሸለቆው ሲያስተጋባ ዞረ፤
የሚያርሱት ሰምተው ይሆናል። አልጠየቅሁም።

ስንት ድምፅ እንዳገኘች ሌላ ሰው ያውራው።
እኔ ዘንድ ያለው ያ ወረቀት ነው፣ ዝናብ የመታው፤
በእርሳስ የጻፈችው ይነበባል ዛሬም፣
የኔ ሰማያዊ ቀለም
ፈሷል፣ የለም።
ሁለተኛው በግምት። ሦስተኛው ምን ነበር?
እስካሁን
የጠየቀን የለም።